ክርክር፦ በጎንደር ታዳጊዎች ምልመላ ላይ የቁመት ገደብ ይቀመጥ?

አወያይ፦
መነሻው ይኸው። ለከተማችን ከ17 ዓመት በታች ቡድኖች በሚደረገው ምልመላ ዝቅተኛ ቁመት ይወሰን የሚል ሐሳብ ቀርቧል፦ በረኛ 1.83፣ መሀል ተከላካይ 1.80፣ ሌላው ሁሉ 1.70 ሜትር። ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ኳስ ሳይነካ ይመለስ ነው ነገሩ። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ይዛችሁ ግቡ። ልጆቹም ስለሚያነቡት "ድንክ" የምትል ቃል እዚህ አትጻፍ።

አሰልጣኝ፣ አዘዞ፦
ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከ17 ዓመት በታች ማለት የመጨረሻው በር ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጁ የሚጋፋው ከትልልቅ ሰዎች ጋር ነው። በእኛ ሜዳ ደግሞ ኳስ መሬት ይዞ አይሄድም፣ ይነጥራል። የነጠረ ኳስ የሚመጣው ደረትና ግንባር ላይ ነው። በዚያ ላይ ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ባሕር ዳር አካባቢ ሳይሆን ውቅያኖስ ዳር ካለው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ በረኛ የለጋው ኳስ ይርቃል፤ አማካዩን አልፎ የሚያርፈው ተከላካይና አጥቂ አናት ላይ ነው። ቦታው ውስን፣ ማሊያና ጫማው ውስን። ያንን ውስን ነገር ቴስታ ላይ ለሚሸነፍ ልጅ ማውጣት አለብን ወይ?

ሜሲና ማራዶና እንደሚጠቀሱብኝ አውቃለሁ። እነሱ ያለፉት ናቸው። በዚያው ቁመት ሞክሮ የቀረውን ማንም አይቆጥረውም። ያለፈውን ብቻ ቆጥሮ "ቁመት አያግድም" ማለት ሎተሪ የደረሰውን አይቶ ትኬት መግዛት ያዋጣል እንደማለት ነው።

የኳስ ታሪክ ተከታታይ፣ ፒያሳ፦
ጋሼ፣ ያሉት ልክ የሚሆነው የተሳካላቸው አጫጭሮች አንድ ሁለት ብቻ ቢሆኑ ነበር። የዓለም ዋንጫ ያነሱትን ቡድኖች ብቻ ይዩ። በ2002 የብራዚል ግራ ተመላላሽ ሮቤርቶ ካርሎስ ነበር፣ 1.68። በ2010 የስፔን መሀል ሜዳ በዣቪና በኢኒየስታ ነው የዞረው፤ ሁለቱም 1.70 አካባቢ ናቸው፣ የፍጻሜዋን ግብ በ116ኛው ደቂቃ ያገባው ኢኒየስታ ነው። በ2014 ለጀርመን ዋንጫውን ያነሳው አምበል ፊሊፕ ላም 1.70 ነው። በ2018 የፈረንሳይን መሀል የዘጋው ካንቴ፣ በ2022 ሜሲ። ይህ የአንድ ሰው ዕድል አይደለም። የቦታ ጉዳይ ነው፦ አማካይ፣ ተመላላሽ፣ ከአጥቂ ጀርባ የሚጫወት። በእነዚህ ቦታዎች 1.70 ላይ ያቆሙት ገደብ ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስቱን ከበር ይመልሳል።

ቴስታ ካነሱ ደግሞ ሮም፣ 2009፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ባርሴሎና ከማንቸስተር ዩናይትድ፣ 70ኛው ደቂቃ። ዣቪ ከቀኝ በኩል አሻገረ። ሜሲ ከፈርዲናንድ ጀርባ ነው። ፈርዲናንድ 1.89 ይሆናል፤ ግን ዐይኑ ኳሱን ሲከተል ሜሲን አያየውም። ሜሲ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ብቻውን ዘለለና ቫን ደር ሳር ወደማይደርስበት ጥግ ላካት። ማንም አልተጋፋውም። በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜም ብራዚላዊው ሮማሪዮ የዦርዢኖን ኳስ በ80ኛው ደቂቃ በረጃጅም የስዊድን ተከላካዮች መሀል ገብቶ በቴስታ አስቆጥሯል። ሁለቱም የቁመት ፉክክሩን አላሸነፉም፤ ፉክክሩ እንዳይኖር ነው ያደረጉት።

አሰልጣኝ፣ አዘዞ፦
የስዊድኑን ስትጠቅስ ሙሉውን ጥቀስ፤ ስዊድን ቴርን በቀይ ወጥቶባት በ10 ሰው ነበረች። የሮሙንም ቢሆን የፈረደበት የተከላካዮቹ ስሕተት ነው። በአንድ ምሽት የሆነ ነገር መስፈርት አይሆንም።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ማራኪ፦
እኔ የምቃወመው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እዚህ የምትለኩት ቁመት የልጁ ቁመት አይደለም፤ የዛሬው ቁመቱ ነው።

ወንድ ልጅ በፍጥነት የሚመዘዝበት ጊዜ በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ በዚያ ዓመት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ግን አንዱ በ12 ይጀምረዋል፣ ሌላው በ16። በልጅነቱ ምግብ የጎደለው ደግሞ ይዘገያል። እንግዲህ በ15 ዓመቱ 1.62 የሆኑ ሁለት ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ቢቆሙ አንዱ እድገቱን የጨረሰ፣ ሌላው ገና ያልጀመረ ሊሆን ይችላል። ገደባችሁ ሁለቱንም አንድ ላይ ያባርራል።

ግሪዝማን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በፈረንሳይ አካዳሚዎች በቁመቱና በክሳቱ ተመልሶ ስፔን ሪያል ሶሲዬዳድ ገባ። ዛሬ 1.76 ነው፤ አጭር የሚባል እንኳ አይደለም። በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ በ6 ግብ አንደኛ ሆነ። የመለሱት ሰዎች አጭር ልጅ አልነበረም የመለሱት፤ የዘገየ ልጅ ነበር። ሜሲ በተቃራኒው የእድገት ሆርሞን እጥረት የነበረበት ልጅ ነው፤ በ13 ዓመቱ ባርሴሎና ሲገባ ክለቡ የሕክምናውን ወጪ ሸፈነ፣ እንዲያም ሆኖ 1.70 ላይ ቆመ። ሁለቱ የተለያየ ጉዳይ ናቸው፣ በአንድ ሜትር ግን አይለዩም።

ግምት ካስፈለገ ቀላሉ መንገድ የወላጆች ቁመት ነው። ለወንድ ልጅ የአባትና የእናት ቁመት ይደመራል፣ 13 ይጨመራል፣ ለሁለት ይካፈላል። አባት 172፣ እናት 160 ቢሆኑ 172.5 ይመጣል። ግን ከዚያ በላይም በታችም 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ስላለው ልጁ ከ164 እስከ 181 የትም ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ እሱም ቢሆን ለመገመት እንጂ ለመቁረጥ አይሆንም።

አለካኩም ራሱ ጣጣ አለው። ሰው ማታ ከጠዋቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል፣ የጀርባ አጥንት መሀል ያለው ልስልስ ነገር ቀን ሙሉ ስለሚጫን። ጠዋት 1.70 የሆነው ልጅ ከልምምድ በኋላ በ10 ሰዓት ቢለካ 1.69 ሆኖ ይወድቃል። በጫማ የሚለካ ቦታም አይቻለሁ፤ እሱማ ልኬት አይባልም።

አሰልጣኝ፣ ቀበሌ 18፦
ፊዚዮ በተናገረው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሁለቱም ጋሼ ከሚፈሩት ይልቅ እኔን ያስፈሩኛል።

አንደኛው የልደት ወር ነው። የዕድሜ ምድቡ የሚቆረጠው በፈረንጆች ጃንዋሪ 1፣ ማለትም በእኛ ታኅሣሥ 23 ነው። ጥር ላይ የተወለደና በቀጣዩ ኅዳር የተወለደ ልጅ አንድ ምድብ ውስጥ ይገባሉ፤ ልዩነታቸው ግን አሥር ወር ገደማ ነው። በ14ና በ15 ዓመት የአንድ ዓመት ልዩነት ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። የጥር ወሩን ልጅ "ጎበዝ" ብለን እንወስዳለን፣ የኅዳሩን "ደካማ" ብለን እንመልሳለን።

ሁለተኛው ዕድሜ መቀነስ ነው። 1.80 ያልሞላ ተከላካይ አይገባም ብላችሁ በር ላይ ብትለጥፉ 1.82 የሆነ "የ16 ዓመት" ልጅ ይመጣላችኋል፤ ዕድሜው 19 ይሆናል። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ የሚያስመረምረው በከንቱ አይደለም። የቁመት ገደብ ያንን ማጭበርበር በራሳችን እጅ መጋበዝ ነው።

አሰልጣኝ፣ አዘዞ፦
የዕድሜውን ነገር እቀበላለሁ። እሱ እውነት ነው፣ አላሰብኩበትም አልልም፣ ግን ከቁመቱ ጋር አላያያዝኩትም ነበር። ሆኖም እህቴ፣ አጭር ሆኖ የመጣውን ልጅ ምን አድርገሽ ነው ለትልቅ ሰው ጨዋታ የምታደርሽው? "ችሎታ አለው" ብቻ አይበቃም።

አሰልጣኝ፣ ቀበሌ 18፦
እሱን ልዘርዝር።

ዋናው ከኳሱ በፊት ያለው ነው። አጭር አማካይ ኳስ ከተቀበለ በኋላ ዞሮ ማየት አይችልም፤ ያኔ ተጋፍቶ ይወድቃል። ኳሱ ከባልደረባው እግር ወጥቶ እሱ ጋ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ትከሻው ላይ ይመልከት፦ አንዴ ከመመታቱ በፊት፣ አንዴ በመንገድ ላይ ሳለ። ሰውነቱ ወደ ጎን ገርበብ ብሎ ኳሱን በሩቁ እግር ይቀበል፣ የመጀመሪያዋ ንክኪ ከተከላካዩ ታርቃለች። ክንዱ ተዘርግቶ ከትከሻ በታች ይሁን፤ ተከላካዩ የት እንዳለ የሚነግረው እሱ ነው። ክርኑ ከፍ ካለ ወይም ከገፋ ጥፋት ይፊሽካል፣ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱትም እዚሁ ጋ ነው።

ከዚያ አብዶው። አጭር ሰው የክብደቱ መሀል ወደ መሬት ስለሚቀርብ ለመታጠፍ ትንሽ ኃይል ይበቃዋል፤ እርምጃውም አጭር ስለሆነ ኳሱን ቶሎ ቶሎ ይነካል። ይህ ጥቅም የሚሠራው ግን ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ካለ ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሮጥ አጭር ልጅ የረጅሙን ጉዳት ይወስዳል፣ የአጭሩን ጥቅም ያጣል። አቅጣጫ የሚቀይረው ደግሞ ተከላካዩ የቆመበትን እግር መሬት ላይ በተከለበት ቅጽበት ነው፤ ያኔ መዞር አይችልም።

ልምምዱ፦ 10 በ10 ሜትር ካሬ፣ አራት ለሁለት፣ ሁለት ንክኪ፣ አራት ዙር በሦስት ሦስት ደቂቃ። ሜዳው የሚነጥር ከሆነ ካሬውን ወደ 12 ሜትር ማስፋት ነው፤ አለበለዚያ ልጁ የሚለማመደው ቅብብል ሳይሆን ኳስ ማባረር ነው። ዝላይ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአንድ ቀን ከ60 እስከ 80 ቢሆን ይበቃል። ከዚያ በላይ በደረቅ መሬት ላይ ሲሆን የቅልጥም ሕመም ያመጣል።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ማራኪ፦
ዝላዩ ላይ አንድ ጥንቃቄ። በመመዘዝ ላይ ያለ ልጅ ከጉልበቱ ቆብ በታች ያለችው እብጠት ስትነካ ካመመችው ዝላይና ፍጥነት ሩጫ ይቀነስለት። እግር ቀድሞ ስለሚያድግ ለጥቂት ወራት ኳስ አያያዙም ይበላሻል። "ሰነፈ" ብሎ የሚያባርረው አሰልጣኝ ብዙ ነው። በየሦስት ወሩ ቁመቱ ቢመዘገብ ምክንያቱ ወረቀቱ ላይ ይታያል።

የበረኞች አሰልጣኝ፣ ሳሙና በር፦
እኔ ለጋሼ በግማሽ እቆማለሁ። ግቡ 7.32 በ2.44 ሜትር ነው፣ ለማንም ብሎ አይጠብም። ሜክሲኮያዊው ኾርጌ ካምፖስ በ1.68 አካባቢ ቁመት በ1994ና በ1998 የዓለም ዋንጫ ተጫውቷል፣ እውነት ነው። ግን እንዴት? ከግቡ ወጥቶ ኳስን ከተከላካይ ጀርባ ቀድሞ እየነጠቀ። ያንን የሚችል ልጅ ፍጥነቱ የአጥቂ መሆን አለበት፤ ካምፖስም አጥቂ ሆኖ ተጫውቷል። እንዲህ ያለ ልጅ ካላገኘሁ ረጅሙን እመርጣለሁ። በ15 ዓመት ግን ቁመት ሳይሆን ክንድ ዝርጋታውንና የወላጆቹን ቁመት ነው የማየው።

አሰልጣኝ፣ አዘዞ፦
እሺ፣ አማካይና ተመላላሽ ላይ ያለውን 1.70 አነሳለሁ። መሀል ተከላካይ ላይ ግን ከ1.80 አልወርድም።

የኳስ ታሪክ ተከታታይ፣ ፒያሳ፦
የጣሊያኑ መሀል ተከላካይ ካናቫሮ 1.76 ነው፣ ጋሼ። በ2006 የዓለም ዋንጫ ጣሊያን በሰባት ጨዋታ የገባባት ሁለት ግብ ነው፦ አንዱ በራሷ ላይ ያገባችው፣ አንዱ የዚዳን ፍጹም ቅጣት ምት። በዚያው ዓመት ባሎን ዶር ወሰደ።

አሰልጣኝ፣ አዘዞ፦
አጠገቡስ ማን ነበር? ማቴራዚ፣ 1.93። ከኋላው ቡፎን፣ 1.92። የማንቸስተር ዩናይትዱን ተከላካይ ሊሳንድሮ ማርቲኔዝንም እንይ፣ 1.75። በነሐሴ 2022 ብሬንትፎርድ ማንቸስተር ዩናይትድን 4 ለ 0 ሲረታ፣ ከማዕዘን ምት ቤን ሚ በቴስታ አገባ፣ ማርቲኔዝም በእረፍት ተቀየረ።

የኳስ ታሪክ ተከታታይ፣ ፒያሳ፦
በዚያው ዓመት ታኅሣሥም ከአርጀንቲና ጋር የዓለም ዋንጫ አነሳ፣ በክለቡም ከረጅሙ ቫራን ጋር ቦታውን ያዘ። እርስዎ ራስዎ መለሱት እኮ፤ ጥያቄው የአንዱ ልጅ ቁመት ሳይሆን የጥንዱ ነው። ረጅሙ ኳሱን ይገጫል፣ አጭሩ ከኋላው ይሸፍናል። ኢትዮጵያ በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ስትሸነፍ ሁለቱም ግቦች የገቡት በቪክቶር ሞሰስ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። አጥቂው እየነዳ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ተከላካዩ ወይም በረኛው ዘግይቶ ይደርሳል። እዚያ ላይ ቁመት ምን ያደርጋል?

አሰልጣኝ፣ አዘዞ፦
ጥንድ ካልከው ይሁን፤ ግን ማዕዘን ምት ላይ ጥንድ የለም፣ አሥር ሰው ነው ሳጥን ውስጥ ያለው። ከአሥሩ አምስቱ 1.68 ከሆኑ ማን ማንን ይይዛል?

አሰልጣኝ፣ ቀበሌ 18፦
ሰው በሰው አይያዝም፣ ቦታ ነው የሚያዘው። ሦስቱ ረጃጅሞች ከግቡ 5 ሜትር ተኩል ያለችው መስመር ላይ ይሰለፋሉ። አንድ አጭር ልጅ የቅርቡን ቋሚ ይዞ ይቆማል፣ ዝቅ ብሎ የሚመጣው የሱ ነው። ሁለት አጫጭሮች ከአደገኛዎቹ ሁለት ቴስተኞች ፊት ይቆማሉ፤ ሥራቸው መዝለል ሳይሆን መንደርደሪያውን መዝጋት ነው። እጅ ማንሳትና ማሊያ መያዝ የለም፣ ከያዙ ፔናሊቲ ነው። ሦስቱ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ተገጭቶ የሚወጣውን ይጠብቃሉ። ፈጣኑ አጭር ልጅ መሀል ሜዳ ላይ ይቀራል፤ እሱ እዚያ ከቆመ ተጋጣሚ ሁለት ተከላካይ ከኋላ ይተዋል፣ ሳጥን ውስጥ የሚመጣውም በሁለት ይቀንሳል። ይህን በሳምንት 20 ደቂቃ፣ ከሁለቱም ጥግ፣ ኳሱ በቀኝ እግርም በግራ እግርም እየተሻገረ መሥራት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የቅርቡ ቋሚ ላይ ያለው ልጅ ኳሱ ሳይመታ ቦታውን ለቆ ሲወጣ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አስተምሩት።