ስድስቱን የአማተር ሬዲዮ ጣቢያዎች በኢንተርኔት የሚያገናኝ ሶፍትዌር፦ ለጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦
ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ይሁን። ሦስት አማራጭ ይዘን ከገባን ስብሰባው በክርክር ያልቃል። ያለን ይህ ነው፦ ስድስት አናሎግ ኤፍኤም ጣቢያ፣ ሁለቱ ሪፒተር (የሰማውን ወዲያው በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰማ)፣ አራቱ ሲምፕሌክስ (በአንድ ፍሪኩዌንሲ በተራ የሚቀበልና የሚልክ)። ሲምፕሌክሶቹ ኢንተርኔት የሚያገኙት በሲም ካርድ ሞደም ነው። ስማቸው የተነሣው የማገናኛ ሶፍትዌሮች ኢኮሊንክ፣ አይአርኤልፒ፣ ኦልስታርሊንክ እና ኤስቪኤክስሊንክ ናቸው። "ይሄ ይሻላል" ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደሚሻል ጻፉልን።

የኔትወርክ ክፍል፦
ምርጫውን የሚወስነው ሞደሙ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ጊዜ አንድ የሕዝብ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ለብዙ ደንበኛ ያካፍላል። ስለዚህ ራውተራችን ላይ ፖርት (ግንኙነት የሚገባበት ባለ ቁጥር በር) ብንከፍትም ከውጭ የሚመጣው ግንኙነት እኛ ጋ አይደርስም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ራውተሩ የሚያሳየው የውጭ አይፒ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም አይፒ የሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ ከምታዩት ከተለየ፣ ጣቢያው እንዲህ ካለው ኔትወርክ ጀርባ ነው።

ኢኮሊንክ የዩዲፒ (የዳታ መላኪያ ዓይነት ነው፤ ቲሲፒም እንደዚሁ) ፖርት 5198 እና 5199 ከውጭ ክፍት እንዲሆኑለት ይፈልጋል። በፕሮክሲ (መካከል ሆኖ በሚያቀብል ሰርቨር) ይታለፋል፣ ግን ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሌላ ፕሮክሲ መያዝ ነው። አይአርኤልፒ የራሱን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይጠይቃል፤ ሰሌዳው ሲበላሽ ምትኩን እስክናገኝ ጣቢያው ይዘጋል። እነዚህ ሁለቱ ለዋናው መስመር አይሆኑም።

ኤስቪኤክስሊንክ ሪፍሌክተር የሚባል ማዕከል አለው። ጣቢያዎቹ ሁሉ ራሳቸው ወደ እሱ ይገባሉ፤ ክፍት መሆን ያለበት የማዕከሉ ቲሲፒና ዩዲፒ 5300 ብቻ ነው። ኦልስታር ግን በዩዲፒ 4569 የሚደወልለት ስለሆነ ከሞደም ጀርባ አይሠራልንም።

የሪፒተር ክፍል፦
እዚህ ላይ ላርምህ ወንድሜ። ከሞደም ጀርባ ያለ የኦልስታር ኖድ (በኔትወርኩ ላይ ያለ ጣቢያ) ሊደወልለት አይችልም እንጂ መደወልስ ይችላል። ቋሚ አይፒ ያለው አንድ ኖድ ማዕከል ላይ ካስቀመጥን አራቱ በራሳቸው ይደውሉለታል። ከ1000 እስከ 1999 ያሉት የግል ቁጥሮች ደግሞ ምዝገባ አይጠይቁም። ኦልስታር አስቴሪስክ በሚባለው የስልክ ማዕከል ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው፤ ለሪፒተር መቆጣጠሪያነት የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ይደባልቃል፣ ሪፍሌክተሩ ግን ቀድሞ የገባውን ብቻ ያሳልፋል።

የኔትወርክ ክፍል፦
ስለ መደወሉ ልክ ነህ፣ ያንን ዐረፍተ ነገር አንስቼዋለሁ። የቀረው የዳታ ጉዳይ ነው። በኦልስታር የተለመደው ዩሎው (ulaw) ኮዴክ፣ ማለትም ድምፅን ወደ ዳታ የሚቀይር ዘዴ፣ በየ20 ሚሊሰከንዱ 160 ባይት ድምፅ ይልካል፤ 32 ባይት ራስጌ (የአድራሻ መረጃ) ሲጨመርበት በሰከንድ 77 ኪሎቢት ገደማ ይሆናል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቢወራ 35 ሜጋባይት መሆኑ ነው። ኤስቪኤክስሊንክ በኦፐስ ኮዴክ 20 ኪሎቢት ቢላክ ከነራስጌው ከ35 እስከ 40 ኪሎቢት ነው፤ ግማሽ ማለት ነው። ኦልስታርን በጂኤስኤም ኮዴክ ወደ 26 ማውረድ ይቻላል፣ ድምፁ ግን ከቆርቆሮ ውስጥ እንደሚወጣ ይሆናል። ሲግናል በደከመበት ቦታ ይህ ልዩነት በሚቆራረጥና በማይቆራረጥ መስመር መካከል ያለ ልዩነት ነው።

መደባለቁን እኔ እንደ ጥቅም አላየውም። በአደጋ ጊዜ ሁለት ድምፅ ተደራርቦ ከሚመጣ አንዱ ጥርት ብሎ ይምጣ።

የድምፅና የመስመር ክፍል፦
ሶፍትዌሩ የትኛውም ይሁን፣ ድምፁ ካልተስተካከለ ስድስት ጣቢያ አገናኝተን ስድስት ዓይነት ጉርምርምታ ነው የምንሰማው። ይህ ክፍል ረቂቁ ውስጥ በዝርዝር ይግባ።

ለአንድ ጣቢያ የሚያስፈልገው፦ ራስፕቤሪ ፓይ 3 ወይም 4፤ ሲኤም108 ቺፕ ያለው የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ፤ ሁለት 600 ለ600 ኦም ትራንስፎርመር፣ አንዱ ለገቢ አንዱ ለወጪ ድምፅ፤ 2ኤን2222 ትራንዚስተር ከ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር፤ ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚያወርድና 3 አምፔር የሚሰጥ መቀየሪያ፤ ለዩኤስቢ ገመዱ ሁለት ፌራይት (የሬዲዮ ረብሻ የሚያፍን ቀለበት)። የካርዱ ጂፒአይኦ 3 (የመቆጣጠሪያ እግር) በትራንዚስተሩ በኩል የሬዲዮውን ፒቲቲ (የመናገሪያ ቁልፍ መስመር) ወደ መሬት ይስባል። የስኩዌልቹ (ሲግናል በሌለ ጊዜ ድምፅ የሚዘጋው ክፍል) ምልክት በካርዱ የድምፅ መቀነሻ እግር ይገባል። በድምፅ መጠን የሚከፈት ቮክስ አይታሰብ፤ በቃላት መካከል ይዘጋል፣ በጫጫታ ይከፈታል።

ሬዲዮው ባለ 6 እግር የዳታ ሶኬት ካለው እግር 3 ፒቲቲ ነው፣ እግር 6 ስኩዌልች። ድምፅ የሚወጣባቸው ሁለት ናቸው፦ እግር 4 ያልተነካ የ9600 ድምፅ፣ እግር 5 የተጣራ የ1200 ድምፅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከእግር 4 ከተወሰደ ሶፍትዌሩ ላይ ዲኤምፋሲስ (ሲላክ ከፍ የተደረገውን ቀጭን ድምፅ መልሶ የሚያወርደው) 1 ይሁን፤ ከእግር 5 ከሆነ 0፣ ምክንያቱም ሬዲዮው ሠርቶታል። ሁለት ጊዜ ከተሠራ ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመጣ ይታፈናል፤ ጭራሽ ካልተሠራ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይሆናል። በመላኪያው በኩል ቀጭኑን ድምፅ ከፍ የሚያደርገው ፕሪኤምፋሲስም እንደዚሁ ነው። የሬዲዮውን የዳታ ፍጥነት ሜኑ ከተጠቀማችሁበት እግር ጋር ማስማማት አትርሱ።

መለኪያችን አንድ ይሁን፦ 1000 ኸርትዝ ቶን በ3 ኪሎኸርትዝ ዴቪዬሽን (ድምፁ ፍሪኩዌንሲውን በሚያወዛውዝበት መጠን) አንዱ ጣቢያ ላይ ሲገባ በአምስቱም ላይ በ3 ኪሎኸርትዝ ይውጣ። ለ25 ኪሎኸርትዝ ቻናል ጣሪያው 5 ነው፤ ጠባብ ቻናል ላይ ያለ ጣቢያ ካለ ሁሉንም በግማሽ አስቡት።

የቃል መጀመሪያ መቆረጥ ሌላው በሽታ ነው። ሰው "ሰላም" ይላል፣ ወዲያ ማዶ "ላም" ይሰማል። ሦስት ቦታ ይበላል፦ ተቀባዩ ስኩዌልቹን የሚከፍተውን ቶን እስኪያውቅ፣ የአስተላላፊው ሬዲዮ እስኪነሣ፣ የሰሚው ሬዲዮ ከባትሪ ቁጠባ እስኪነቃ። ማገናኛው ሬዲዮ ላይ ባትሪ ቁጠባ ይጥፋ፤ የማስተላለፊያ መዘግየት በ500 ሚሊሰከንድ ይጀመርና እየቀነሰ ይሞከር። የቀረውን አባላት ይልመዱት፤ ፒቲቲ ተጭኖ አንድ ትንፋሽ ቆይቶ መናገር።

የሪፒተር ክፍል፦
አንድ ስኩዌልች ተከፍቶ ቢቀር መስመሩን ሁሉ ይዞ አይውልም? አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ ማዕከል ላይ ይህ ከባድ ነው።

የኔትወርክ ክፍል፦
ይይዛል፤ ስለዚህ ሪፍሌክተሩ ላይ የስኩዌልች ገደብ ይሞላል፦ 180 ሰከንድ ካለፈ የዚያን ጣቢያ ድምፅ ይቆርጣል፣ ለ60 ሰከንድም ያግደዋል። እያንዳንዱ ሬዲዮ ላይ ደግሞ የራሱ የጊዜ ገደብ ይብራ፤ ፓይው ፒቲቲ እንደጫነ ቢደርቅ የሚያድነን እሱ ብቻ ነው። ኃይሉም ከ10 ዋት አይለፍ። ለአጭር ንግግር የተሠራ ሬዲዮ በ50 ዋት ረጅም ሰዓት ሲጫን ይግላል፣ ከዚያ መጨረሻው ይቃጠላል።

ሲምፕሌክሶቹ አንዱ የሌላውን ድምፅ በአየር የሚሰማ ከሆነ ፍሪኩዌንሲያቸው ይለያይ። አለዚያ አንዱ በኢንተርኔት የተቀበለውን ሲያሰማ ሌላው በአየር ሰምቶ መልሶ ወደ ማዕከሉ ይልከዋል፤ እንዲህ ያለ ቀለበት ራሱን አያቆምም።

ጸሐፊ፦
እስካሁን የተስማማንበትን እንዲህ አስፍሬዋለሁ፤ አርሙ።
1. ዋናው መስመር በኤስቪኤክስሊንክ ይሠራል፤ ሪፍሌክተሩ ቋሚ አይፒ ባለው የኪራይ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የይለፍ ቃል ይኖረዋል።
2. የንግግር ቡድን (ማዕከሉ ላይ ባለ ቁጥር የንግግር መስመር) 1 ለሁሉም፣ 9 ለአደጋ። ሁሉም ጣቢያ ሁለቱን ይከታተላል፣ 9 ቅድሚያ አለው።
3. ሁሉም ጣቢያ በኢኮሊንክም ይገናኛል።
4. የድምፅ ክፍሉ መለኪያ ያላለፈ ጣቢያ ወደ ማዕከሉ አይገባም።

የኔትወርክ ክፍል፦
3ኛው ይለወጥ። ሁለት ጣቢያ አንድ የኢኮሊንክ ኮንፈረንስ ውስጥ ከገቡ ከላይ ያልኩት ቀለበት በኢንተርኔት በኩል ይፈጠራል። ኢኮሊንክ በአንድ ጣቢያ ብቻ ይሁን፤ ሰፊ ኢንተርኔት ያለው ሪፒተር ይበቃል። 5ኛ ይጨመር፦ ጣቢያዎቹን ከሩቅ ለመጠገን ዋየርጋርድ (በኢንተርኔት የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር)፣ የ25 ሰከንድ ማቆያ ምልክት ተሞልቶ። ያ ካልተሞላ ሞደሙ መንገዱን ይዘጋና ጥገና ባስፈለገ ቀን በር የለንም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ኤስዲ ካርዱ እንዳይበላሽ ሎጉ (የሶፍትዌሩ የሥራ መዝገብ) ሜሞሪ ላይ ይጻፍ።

የሪፒተር ክፍል፦
እስማማለሁ፣ በአንድ ሁኔታ። ሁለቱ ሪፒተሮች ያላቸውን መቆጣጠሪያ ይዘው ይቀጥሉ፤ ኤስቪኤክስሊንክ እንደ ተጨማሪ ተጠቃሚ በማገናኛ ሬዲዮ ይግባባቸው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሪፒተሩ ለአካባቢው መሥራቱን አያቁም።

ሰብሳቢ፦
ይህ 6ኛ ይሁን፤ 3ኛው እንደታረመ ይግባ። ሙከራው በአንድ ሪፒተርና በሁለት ሲምፕሌክስ ለ30 ቀን ይካሄዳል። በየቀኑ የሚመዘገበው ሦስት ነው፦ ግንኙነቱ የተቋረጠበት ብዛት፣ የዳታ ፍጆታ፣ ቃል የተቆረጠበት ጣቢያ። የድምፅ ክፍል የሦስቱን ጣቢያ ዕቃ ዝርዝር ለየብቻ አውጥቶ ለጸሐፊ ይስጥ፤ ፌራይቱ እንዳይረሳ።