ሪፖርት የሚያደርግ ሰው ጠፋ

9 ዓመት የሄሊኮፕተር መካኒክ ነበርኩ፤ ቀጥሎ አብራሪ ሆንኩ። አሁን 4 ሄሊኮፕተር ባለው ድርጅት የደህንነት ሥራ አስኪያጅ ነኝ።

በ6 ወር የደረሰኝ ሪፖርት 2 ብቻ ነው፤ ሁለቱም ስለ ወፍ። ሃንጋር (የሄሊኮፕተር ማቆሚያና መጠገኛ አዳራሽ) ውስጥ ግን ወሬው ሌላ ነው፦ ጅራት ሮተር (ጅራቱ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ክንፍ) አጠገብ የተረሳ መፍቻ፣ በማርሽ ሳጥን ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ መኖሩን የሚያሳየው መብራት በርቶ የቀጠለ በረራ።

ስም የማይጻፍበት ሳጥን ሰቀልኩ። 11 ሰው ባለበት ቤት የእጅ ጽሑፍ ማን ይጠፋዋል? አንድ መካኒክ ብሎን በልኩ አለማጥበቁን ራሱ ተናገረ፤ አለቃችን ከደመወዙ ቆረጠበት። ከዚያ ወዲህ ጭጭ ነው። የአይካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) የደህንነት አስተዳደር ደንብ፣ አኔክስ 19፣ ሪፖርት ላደረገ ሰው ጥበቃ እንዲደረግ እንደሚጠይቅ ለአለቃው አሳየሁት። «እሱ ወረቀት ነው» አለኝ።

አለቃው ቅጣቱን ሳያነሳ የመካኒኮቹን አመኔታ የምመልስበት መንገድ አለ ወይስ መጀመሪያ ከእሱ ጋር ልፋጠጥ?