ፍቼ ወይስ የታህሳስ ገብርኤል? ፈቃዴን ለየትኛው ልሙላ?

የአዳማዋ፦
ሰላም የሀዋሳ ልጆች እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር አማክሩኝ እስቲ። ቢሮ የዓመት ፈቃድ ፕሮግራም ሙሉ ተብለናል፣ ኤችአሯ ደግሞ ቀን ያልተጻፈበት ፎርም አልቀበልም ብላ ድርቅ ብላለች። እኔ ዘንድሮ ሀዋሳ ነው የማሳልፈው ብዬ ቆርጫለሁ ግን ለየትኛው በዓል እንደምመጣ ጨንቆኛል። ግቢ አንድ ዶርም የነበረች ጓደኛዬ የሲዳማ ልጅ ናት፣ በየዓመቱ ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ማለት ነው፣ ነይ ትለኛለች በየዓመቱ እሺ እላለሁ ከዛ የሆነ ነገር ይፈጠርና እቀራለሁ፣ አሁንማ ማኩረፍ ሁሉ ጀምራለች። በዛ በኩል ደግሞ እናቴ የገብርኤል ስለት አለባት፣ ቁልቢ እንዳትሄድ ጉልበቷ ያን ሁሉ መንገድ አይችልም፣ እና ሀዋሳ ገብርኤል ውሰጂኝ እያለችኝ ነው።

ጓደኛዬን "ዘንድሮ ፍቼ መቼ ነው የሚውለው?" ስላት "ገና አልተነገረም" አለችኝ። አልተነገረም ማለት ምን ማለት ነው? ይሄን ለኤችአሯ እንዴት ብዬ ነው የማስረዳት? እና ደግሞ እኔ ሲዳምኛ አልችልም፣ እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት በዓል ላይ መገኘት አይከብድም ወይ? በዓሉ በአደባባይ የሚከበርበት ሀዋሳ ያለው ጉዱማሌ ሄዶ ማየት ይበቃል? ሆቴልስ? የምታውቁትን ጻፉልኝ በናታችሁ።

ሐይቅ ዳር፦
ገብርኤል ነዋ! ታህሳስ 19 የትም አይሄድም፣ ኤችአሯም ደስ ይላታል ኪኪኪ

የአለታ ወንዶ ልጅ፦
እህቴ ጓደኛሽ የምሯን ነው። የፍቼ ቀን የሚወጣው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ካሌንደር አይደለም፣ ከሰማይ ነው። አያንቶ የሚባሉ አባቶች አሉ፣ ማታ ማታ ጨረቃዋንና ከዋክብቱን እየተከታተሉ ቆይተው "በዚህ ቀን ነው" ብለው ለጎሳ መሪዎች ይናገራሉ፣ ከዛ ለህዝቡ ይታወጃል፣ ድሮ ገበያ ላይ ነበር የሚለፈፈው አሁን ፌስቡክም ላይ ታገኚዋለሽ። ሲዳማ ጋ ደግሞ ሳምንቱ 4 ቀን ነው፣ ዲኮ፣ ደላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ፣ ገበያው ራሱ በነዚህ ነበር የሚዞረው። ስለዚህ እናንተ ካሌንደር ላይ ይንሸራተታል። እኔ ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ በጭቃ ነበር የምናከብረው፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ውስጥ ሲውል ነበር። ኤችአሯን "አያንቶዎቹ ገና እያዩ ነው" በያትና ፊቷን ፎቶ አንስተሽ ላኪልን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጉዱማሌ ብቻ ከሆነ የምታይው ግማሹን አላየሽም። ሰዉ ሁሉ ጉዱማሌ ሄዶ ቪዲዮ ቀርጾ ፍቼን አየሁ ይላል፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ፍቼ የሚባለው እኮ ማታው ነው፣ ጫምባላላ ማግስቱ ነው። ማታ ቤተሰብ በሙሉ ታላቅ የሆነው ሰው ቤት ይሰበሰባል፣ አዲስ አበባ ያለው ልጅ፣ ሻሸመኔ ያገባችው እህት፣ ሁሉም ይመጣል። እርጥብ እንጨትና ቅጠል ተጣጥፎ እንደ በር ይሠራል፣ ሁሉቃ ነው የሚባለው፣ ሰዉም ከብቱም በዛ ስር ያልፋል፣ ከአሮጌው ዓመት ወጥተን አዲሱ ውስጥ ገባን ነው ነገሩ። አያቴ ቤት አንድ ግትር ወይፈን ነበር በየዓመቱ አላልፍም ብሎ የሚያስቸግር፣ አጎቶቼ ከኋላ እየገፉት ሲንጫጩ እኛ ልጆቹ ዋናው መዝናኛችን እሱ ነበር። ከዛ ቡርሳሜው ይቀርባል። ቡርሳሜ ከእንሰት ነው፣ ቅቤ በደንብ ጠጥቶ፣ ሻፌታ በሚባለው ትልቅ የሸክላ ገበታ፣ ከወተት ጋር። ሽማግሌው ሳይመርቅ ማንም እጁን አይሰድም፣ ስንት ኪሎሜትር ነድተህ የመጣህ ብትሆን ትጠብቃለህ።

ታሪኩን ጓደኛሽ ትነግርሽ ይሆናል፣ አባቶች እንደሚሉት አንዲት ያገባች ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ቡርሳሜ ሠርታ ይዛ ትመጣ ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ አብሮ ይበላል፣ በዓሉ ከዛ ነው የመጣው። እንግዳ መሆን ይከብዳል ወይ ላልሽው እንግዲህ ይሄን አስቢው፣ ገና ሲጀመር ሰው ሊጠይቅ በመጣ ሰው የተጀመረ በዓል ነው።

ጠዋት የልጆች ነው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። "አይዴ ጫምባላላ" እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ አንቺ "ኢሌ ኢሌ" ብለሽ ትመልሻለሽ፣ ዓመት ዓመት ያድርሰን እንደማለት ነው። ቡርሳሜ ይሰጣቸዋል አናታቸውንም ቅቤ ይቀባሉ። ይሄን ሁለት ቃል ከያዝሽ ሲዳምኛ ቻልሽ፣ አትጨነቂ። ዶሮ ምናምን ይዘሽ እንዳትመጪ ብቻ፣ በፍቼ አይታረድም ሥጋም አይበላም። ከብቱም በዛን ቀን ጥሩ ሳር ያለበት ነው የሚሰማራው፣ ለሱም በዓሉ ነው።

አንድ የቀረ ነገር። ተኳርፎ ፍቼን መሻገር የለም፣ የተጣላ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል። ጓደኛሽን ቶሎ ደውይላት።

ኮርያ ሰፈር፦
@የአለታ ወንዶ ልጅ ሁሉንም አልክ ግን ጉዱማሌን ለምን ታጣጥልብናለህ ወንድሜ? ሀዋሳ ተወልዶ ላደገ ሰው እኮ ገጠር አያት የለውም፣ ለኛ ፍቼ ማለት ጉዱማሌ ነው። ከየወረዳው አባቶች ጦርና ጋሻ ይዘው ቄጣላ እያሉ ሲገቡ ያን ዜማ በአካል የሰማ ሰው ቪዲዮ ነው ብሎ አያልፈውም። እኔ ሲዳማ አይደለሁም፣ አባቴ ወላይታ እናቴ ጉራጌ ናት፣ ግን በየዓመቱ እወጣለሁ። እና ደግሞ የጎሳ መሪዎቹ የሚናገሩትን ሰው ቢያስተረጉምልሽ ደስ ይልሻል፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ ሥራ አትፍሩ፣ አትለምኑ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ ሽማግሌ አክብሩ ነው የሚሉት። ዩኔስኮ በ2008 የመዘገበው ይሄን ሁሉ ነው፣ ማታውን ብቻ አይደለም።

የአለታ ወንዶ ልጅ፦
አላጣጣልኩም ባክህ። ስፒከሩና ንግግሩ በዝቷል ነው የምለው። ቄጣላውን ትቼማ የት እሄዳለሁ እኔም እዛው ነኝ።

ኮርያ ሰፈር፦
ንግግሩ ላይ ተስማምተናል ኪኪኪ

የማርያም ልጅ፦
ሁላችሁም ፍቼ ላይ ተረባረባችሁ እናትየዋን ረሳችኋት። እህቴ ስለ ገብርኤል እኔ ልንገርሽ። የሀዋሳ ገብርኤል በዓመት ሁለቴ ነው የሚነግሠው ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19፣ ሁለቱም ላይ ከየክፍለ ሀገሩ ነው ሰው የሚመጣው በተለይ ታህሳሱ ላይ ከተማው ራሱን አይመስልም፣ መንገዱ ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። ለእናትሽ ስትይ ከዋዜማው በፊት ግቡ፣ በዕለቱ መኪናም ባጃጅም እስከ አደባባዩ አይደርስም ስለዚህ ማደሪያ ስትፈልጊ ቆንጆነቱን ሳይሆን በእግሯ ልትደርስ የምትችልበት መሆኑን ነው የምታይው። ታቦቱ ሲወጣ ግፊያው ከባድ ነው፣ ትንሽዬ ማጠፊያ ወንበር ያዢላት፣ ጠዋት ለቅዳሴ ቀድማችሁ ገብታችሁ ሴቶች በኩል ዳር ላይ አስቀምጫት። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ነጠላሽ ስር ያዢው። ሌሊት ከሐይቁ የሚመጣው ብርድ ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ ጋቢ።

ደግሞ እንዳትረሺ ታህሳስ 19 ጾም ነው፣ የነቢያት። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደን አሳ እንበላለን ብለሽ አስበሽ ከሆነ እናትሽን ጠይቂያት መጀመሪያ።

ሐይቅ ዳር፦
አሳ በነቢያት ጾም ይበላል እኮ

የማርያም ልጅ፦
አይበላም! ይሄን እዚህ አትጀምረው በናትህ በየዓመቱ ሰለቸን

የአለታ ወንዶ ልጅ፦
ስለ ጾም ካነሳችሁ አይቀር፣ ፍቼም ሰሞኑን ሁዳዴ ውስጥ እየገባ ነው፣ ጿሚ ከሆንሽ ቡርሳሜው በቅቤ ነው። ለጓደኛሽ ቀድመሽ ንገሪያት፣ ቆጮ ያለ ቅቤ ለብቻ ታደርግልሻለች፣ ማንም አይቀየምም። ሳትናገሪ ሄደሽ ሻፌታው ፊት "አልበላም" ካልሽ ግን ሴትየዋ ምን አጠፋሁ ብላ ትጨነቃለች።

ሒሳብ ሹም፦
ስለ ፈቃዱ ማንም አልመለሰላትም እኮ። የግል ድርጅት ከሆነ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው የሚመለከትሽ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ነው ከዛ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ ይሄዳል። ሠራተኛው ከጠየቀና አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ መውሰድ ይቻላል። ስለዚህ ለምን አንዱን ትመርጫለሽ? አንዱን ክፍል ታህሳስ 19 አካባቢ ቀኑን ጽፈሽ አስገቢ፣ ሁለተኛውን ጓደኛሽን ጠይቀሽ ገምተሽ ሙይው፣ አያንቶዎቹ ሲናገሩ ቀኑን እንድትቀያይሪ አለቃሽን አሁኑኑ አስማሚ። ኤችአር ቀን ያልተጻፈበት ነው እንጂ የማትቀበለው ተስማምቶ የተቀየረ ቀን ሁሌም ይቀየራል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ ግን ሕጉ ሌላ ነው።

የአዳማዋ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የግል ነው የምሠራው። ለሁለት መክፈል የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነግሮኝ፣ አለቃዬ ሰውዬው ክፉ አይደለም ነገ አናግረዋለሁ። ጓደኛዬ ጋ ደውዬ "አይዴ ጫምባላላ" ስላት ሳቋ አላቋርጥ አለ፣ ገና ወራት ይቀሩታል አለችኝ ግን ኩርፊያው አልቋል። ማታውን አያቷ ቤት ነው የምናሳልፈው ይርጋለም፣ ማግስቱን ሀዋሳ እንመለሳለን አለችኝ። ስለዚህ @የአለታ ወንዶ ልጅ እና @ኮርያ ሰፈር ሁለታችሁም አሸነፋችሁ። ሆቴሉን ግን ንገሩኝ አሁንም።

ሚሊኒየም፦
ሆቴል ለገብርኤል ከሆነ ዛሬ ደውይ። ቀልዴን አይደለም። ባለፈው አክስቴ ስትመጣ አንድ ሆቴል በስልክ እሺ ብሎን ስንደርስ ክፍሉን በእጥፍ ለሌላ ሰጥቶት አገኘነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከፍለሽ ደረሰኝ ያዢ። ለፍቼም ይሞላል ግን እንደ ገብርኤል አይደለም፣ ብዙው ሰው ዘመድ ቤት ነው የሚያድረው። ሐይቅ ዳር ያሉት ሪዞርቶች ያምራሉ ግን ለእናትሽ ከገብርኤል ይርቃሉ። ፒያሳ አካባቢ መለስተኛ ፔንሲዮኖች አሉ፣ መሬት ላይ ያለ ክፍል ጠይቂ ደረጃ እንዳትወጣ።

ሐይቅ ዳር፦
ለምን ሐምሌ 19 አትመጡም ግን? ጾም የለም፣ ሆቴሉም ይቀላል፣ አሳውም ያለ ክርክር ኪኪኪ

የአዳማዋ፦
ብያታለሁ። "ስለቴ የታህሳሱ ነው መልአኩን ቀን ልታስቀይሪው ነው?" አለችኝ። በቃ ዝም አልኩ።

ኮርያ ሰፈር፦
ኪኪኪኪ እናት አሸነፈች

የማርያም ልጅ፦
ስለቱ ጥላ ከሆነ አዳማ ግዙትና ይዛችሁ ኑ፣ በዓሉ ሰሞን እዚህ ዋጋው ሌላ ነው። መንገዱን በተመለከተ ከአዳማ መነኻሪያ ቀጥታ የሀዋሳ ካጣሽ ሻሸመኔ የሚሄደውን ያዢ፣ ከሻሸመኔ ሀዋሳ 25 ኪሎሜትር አካባቢ ነው ሚኒባስ አይጠፋም። ለእናትሽ የፊት ወንበር ያዢላት፣ ዝዋይ ላይም ወርዳ እግሯን ታፍታታ።

ሚሊኒየም፦
ባቱ በይው እንጂ አሁን ዝዋይ አይባልም

የማርያም ልጅ፦
ሹፌሩ "ዝዋይ ወራጅ" እስካለ ድረስ እኔም ዝዋይ ነው የምለው