ከወንድሜ ጋር እኩል ሮጬ እኔ ለምን ቀረሁ?

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ 34 ዓመቴ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በሳምንት ሦስት ቀን፣ 40 ደቂቃ እየሮጥን 12 ሳምንት ሞላን። መንገዱ አንድ፣ ብርዱ አንድ፣ ቁርሳችንም ያው የእማዬ በሶ። ስንጀምር ሁለታችንም 5 ኪሎ ሜትር በ31 ደቂቃ ነበር የምንጨርሰው። አሁን እሱ 26 ገብቷል። እኔ 30 ተኩል! የጠዋት የልብ ምቱ ከ72 ወደ 61 ወርዷል፤ የእኔ ከ70 ንቅንቅ አላለም።

ሰነፍ ነህ ይለኛል፤ አንድም ቀን አልቀረሁም። ደም ተመረመርኩ፣ ደም ማነስ የለብኝም። እንቅልፌንም 8 ሰዓት አደረስኩ። ያው ነው።

ሄሪቴጅ በተባለው የ20 ሳምንት ጥናት፣ እኩል ሠርተው አንዳንዱ አቅሙ በጣም ሲጨምር አንዳንዱ ምንም አልጨመረም። ከልዩነቱ ግማሽ ያህሉ ከዘር ነው ተብሏል። እኛ ግን የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን! በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለውጥ ያላዩት በሳምንት ሁለት ቀን ሲጨመርላቸው ሁሉም ተሻሻሉ ይላል። የእኔ ጉልበት አምስት ቀን መቻሉን እንጃ።

እስቲ የሞከራችሁ ንገሩኝ፦ ቀን ልጨምር ወይስ ከሦስቱ አንዱን ቀን በአጫጭር ፈጣን ሩጫ ልቀይረው?