በሁለት ውኃ መካከል ባለ አሸዋ ላይ ሰው እንዴት ይኖራል?

ዓሣ ሻጯ፣ ቃሊቲ፦
ከባቱ በበረዶ የመጣልኝን ቆሮሶ ቅርፊቱን ስፍቅ የእህቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለልኝ። (ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አታምጡብኝ።) አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ሃተራስ በምትባል ደሴት ሆቴል ውስጥ ይሠራል። ስልኩን ወደ ግራ ሲያዞረው ውቅያኖስ፣ ወደ ቀኝ ሲያዞረው ሌላ ውኃ! ቤቶቹ እንደ ቆጥ በእንጨት እግር ላይ ቆመዋል። እኔ የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ቤቴ በገባ ጊዜ የጤፍ ዱቄቴን አልጋ ላይ ቆልዬ ቁጭ ብዬ ያደርሁ ሰው ነኝ። እዚያ የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ምን ይዟቸው ነው የማይነሡት? ደግሞ ገናን እንደ እኛ ዘግይቶ የሚያከብር መንደር አለ ይለኛል። እያሾፈብኝ ይሆን?

መምህር፣ ለገጣፎ፦
እህቴ፣ ደሴቲቱ የአሸዋ ክምር ናት። ማዕበል በውቅያኖሱ በኩል ያለውን አሸዋ እያነሣ በጀርባዋ ወዳለው ፓምሊኮ ወደሚባለው ውኃ ይደፋዋል፤ እሷም ቀስ እያለች ወደ ዋናው ምድር ትሸሻለች። የጥንቶቹ አጥማጆች ይህን ስለሚያውቁ መንደራቸውን የቆረቆሩት በጀርባዋ፣ ዛፍ ባለበትና ውኃው ጸጥ ባለበት በኩል ነው። ዛሬ ሮዳንቲ በተባለው መንደር ባሕር የሚወስዳቸው ቤቶች አብዛኞቹ ኋላ ለዕረፍት መጪዎች በውቅያኖሱ ፊት የተሠሩ ናቸው። ለመርከቦች የሚያበራው የጡብ ማማ እንኳ ሸሽቷል፦ በ1870 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ 4,800 ቶን የሚመዝን። ባሕሩ ሥሩ ሲደርስ በ1999 በብረት ሃዲድ ላይ እየገፉ፣ በ23 ቀን፣ 880 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ወሰዱት።

ከስደት ተመላሽ፣ ሰበታ፦
እትዬ፣ ልጁ አላሾፈም። መንደሩ ያው ሮዳንቲ ነው። ያኔ ያንን አገር ትገዛ የነበረችው እንግሊዝ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትለውጥ 11 ቀን ዘለለች፤ እዚያ ግን አሮጌው ገና አልቀረም። ድልድይ እስከ 1963 ድረስ ስላልነበራቸው ከዋናው ምድር የሚያገናኛቸው ጀልባ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቦታ ልማድ ቶሎ አይለቅም። በዓሉ ሲደርስ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ከነቅርፊቱ ይጠብሳሉ። ሁለት ሰዎች ጨርቅ ተከናንበው፣ የበሬ ራስ አስቀድመው «ኦልድ ባክ» ሆነው ሕዝቡ መሐል ይገባሉ፤ ልጆች ይንጫጫሉ።

ዓሣ ሻጯ፣ ቃሊቲ፦
ተባረኩ። በሬውን ቅርጫ አለማድረጋቸው ነው የገረመኝ። መምህር፣ ያንን ማማ ከገፉት ሰዎች አንዱን ካገኙ ወደ ቃሊቲ ይላኩልኝ። የእኔ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት፤ 23 ቀን አትፈጅም።