የገዛ አስተያየቴ ብሎጌን በለጠችው፤ ምን ይሻለኛል?

የአሞራ ገደል ደንበኛ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ጉዴን ልንገራችሁ።

ስለ ሀዋሳ በእንግሊዝኛ ብሎግ መጻፍ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ለቱሪስት ነው። ደህና በነበርንበት ጊዜ በቀን 300 ሰው ይገባ ነበር። አሁን 40 ከገባ ቀኑን በደስታ እውላለሁ።

ባለፈው ሳምንት «ማነው እንዲህ የረታኝ?» ብዬ ሀዋሳ ላይ ዓሣ የት እንደሚበላ ፈለግሁ። አንደኛ የወጣው ሬዲት ላይ (ሰው እርስ በርሱ የሚጠያየቅበት ድረ ገጽ ነው) ያለ አጭር መልስ ነው። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውረድ። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ትደርሳለህ። ቆሮሶ ዓሣ አስጠብሰህ በዳጣ ብላ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከኋላህ ስለሚቆም ሳህንህን አትልቀቅ።»

ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ! ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሌላ ስም፣ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ። በዚያው ጉዳይ የጻፍኩት ባለ 2000 ቃል የብሎግ ጽሑፍ፣ ካርታው ከነፎቶው፣ አራተኛ ገጽ ላይ ተኝቷል። ብሎጉን ልዝጋው?

ድረ ገጽ ሠሪ፣ አዳማ

አትዝጋ ወንድሜ። ጎግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ለፍለጋ ማሽን ተብሎ የተጻፈውን ዝቅ፣ ለሰው የተጻፈውን ከፍ የሚያደርግ ለውጥ አወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመመዘኛ መመሪያው ላይ «ልምድ» ተጨመረ። ማለትም ጸሐፊው ነገሩን ራሱ ሞክሮታል ወይ ነው ጥያቄው። ትንንሽ ብሎጎችን ያደቀቀው ደግሞ የመስከረም 2023ቱ ዙር ነው። እኔ የማስተዳድራቸው ሁለት ገጾች እስካሁን አላገገሙም።

ሰዉም ራሱ ቀድሞ ነበር። በየሆቴል ዝርዝሩ ሲሰለች ከጥያቄው ጫፍ «ሬዲት» ብሎ እየጨመረ መፈለግ ለምዷል። በየካቲት 2024 ደግሞ ጎግል የሬዲትን ይዘት ለመጠቀም ተስማማ፤ በዓመት ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተዘግቧል።

የቡርሳሜ ልጅ

ልምድ ልምድ አትበሉኝ! እኔ የቡርሳሜን (ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራ የሲዳማ ምግብ ነው) አሠራር የጻፍኩት እናቴ አጠገብ ቆሜ ነው። በፎቶዎቹ ላይ ያለው እጅ የእሷ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልምድ አለ? እሱም ወረደ። ከላይ የተቀመጠው ቡላና ቆጮ ያልለየ ሰው የሰጠው መልስ ነው። ማሽኑ ምግቡን አይቀምስም፤ የሚያምነው ትልቁን ሰፈር ነው። ደግሞ እዚያ ሰፈር የሆቴል ሠራተኛ እንግዳ መስሎ «ግሩም ነበር» እያለ ሲጽፍ አላያችሁም?

ድረ ገጽ ሠሪ፣ አዳማ

እሱስ እውነትሽን ነው እህቴ። ብዙ ደህና ብሎግ አብሮ ተጠርጓል።

ታቦር ሥር

ክርክሩ አይገባኝም። አባ ኮዳው ግን እውነት ነው፤ እኔን ግማሽ ዓሣ አስከፍሎኛል 😂

የአሞራ ገደል ደንበኛ (ጠያቂ)

ትናንት ማታ ያንን 2000 ቃል እንደ ሌላ ሰው ሆኜ አነበብኩት። አፈርኩ። መጀመሪያ የከተማዋ ታሪክ። ከዚያ ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነች። ከዚያ የሐይቁ ስፋት። ዓሣው የመጣው አንባቢው ከሄደ በኋላ ነው። «ምርጥ 10 ሆቴሎች» ብዬ የጻፍኩትማ አይነሳ። ከአሥሩ ያደርኩት አንዱ ውስጥ ነው፤ እሱም ለአክስቴ ልጅ ሠርግ።

የቡርሳሜ ልጅ፣ የአንቺ በደል ሌላ ነው፤ የእኔን ከእሱ ጋር አልደባልቅም። የሆቴሉን ዝርዝር አጥፍቼዋለሁ። የዓሣውን ከጀልባው ጀምሬ እንደገና እጽፈዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሬዲቱ መልሴ ሥር አንድ ሰው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ነገ ጠዋት ስወርድ ጠይቄ እመልስለታለሁ።