የኤፍ ኤም ፈቃድና የአክሲዮን ድርሻ፦ መመሥረቻ ጽሑፍ ከመፈረማችን በፊት

የአራዳው ጠያቂ
ሰላም ለቤቱ። አምስት ሆነን የሚዲያ ድርጅት ልናቋቁም ነው። ስቱዲዮ የምናደርገው ፒያሳ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ አግኝተናል፤ ኪራዩን ገና አልፈረምንም። ከመካከላችን አንዱ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ፓስፖርቱ የካናዳ፤ 40 በመቶ ማዋጣት ይፈልጋል። ሌላኛው ደግሞ የአንድ ፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል ነው። ሐሳባችን ኤፍ ኤም ሬዲዮ ነው፣ ካልሆነ ሳተላይት ቴሌቪዥን፣ ካልሆነም በዩቲዩብ መጀመር። ድርሻውን እንዴት እናከፋፍል? ስቱዲዮውስ ለኤፍ ኤም ይሆናል? የምታውቁ አደራ።

ነጋሪት አንባቢ
ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ አሠራጭ (የራሱ ጣቢያ ያለው) ነው የምትሆኑት ወይስ አዘጋጅ (ፕሮግራም ሠርቶ ለጣቢያ የሚያቀርብ)? ሕጉ ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚያያቸው፤ የአምስታችሁም ጣጣ የሚፈታው እዚያ ላይ ነው።

አሠራጭ ከሆናችሁ የሚገዛችሁ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። የቀድሞው አዋጅ 533/1999 የውጭ ዜጋ ድርሻ ያለበትን ድርጅት ጨርሶ ይከለክል ነበር። አዲሱ እስከ 25 በመቶ ፈቅዷል። ስለዚህ 40 በመቶው አይሄድም። ጓደኛችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይዞ በአዋጅ 270/1994 እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ልቆጠር ብሎ ሊከራከር ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የፈቃድ ማመልከቻ የክርክር መድረክ አይደለም። ድርሻውን 24 ወይም 25 ላይ አቁሙትና ክርክሩ ራሱ አያስፈልጋችሁም።

አዘጋጅ ከሆናችሁ ግን ሌላ በር አለ። በኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 የማስታወቂያና ፕሮሞሽን ሥራ፣ እንዲሁም የፊልምና የቪዲዮ ቀረፃ፣ ዝግጅትና ሥርጭት የውጭ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በጣምራ ሊሠራቸው ይችላል፤ ጣሪያው 49 በመቶ ነው። 40 በመቶው እዚህ በሰላም ይገባል። የውጭ ሸሪክ ያለበት የንግድ ፈቃድ በኢንቨስትመንት ኮሚሽን በኩል እንደሚያልፍ ግን አትርሱ፤ የሚመጣው ገንዘብም በባንክ ገብቶ ካልተመዘገበ ነገ ትርፉን ወደ ውጭ ለማስተላለፍ ማስረጃ አይኖረውም።

የፓርቲው ሰው ጉዳይ በመቶኛ አይፈታም። የፖለቲካ ድርጅት ወይም ከፍተኛ አመራሩ ባለአክሲዮን የሆነበት ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ አያገኝም። 1 በመቶም ቢሆን ያው ነው፤ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መግባትም አያዋጣም። ወይ ከአመራርነቱ ይልቀቅ፣ ወይ ከማኅበሩ ይውጣ።

አደረጃጀቱን በተመለከተ፦ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በ15,000 ብር ካፒታል ይመሠረታል፣ አክሲዮን ማኅበር ደግሞ በ50,000። ሁለቱም የሕግ ዝቅተኛ መጠኖች እንጂ ሬዲዮ የሚያቆሙ ገንዘቦች አይደሉም። ለብሮድካስት ስታመለክቱ የፋይናንስ ምንጫችሁና አቅማችሁ ይመረመራልና 15,000 ብር ብቻ ያለበት መመሥረቻ ጽሑፍ ይዛችሁ አትቅረቡ። የዓላማ አንቀጹንም ጠበብ አድርጋችሁ ጻፉት። «ንግድ፣ አስመጪነት፣ ሚዲያና ሌሎች ተያያዥ ሥራዎች» የሚል ዓላማ ለማሻሻያ ያስመልሳል።

ዩቲዩቡን እንደ መለማመጃ አትዩት። የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃን የሚያስፈልገው ፈቃድ ሳይሆን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ነው፤ መንገዱ አጭር ነው። ተጠያቂነቱ ግን አጭር አይደለም። በጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተፈጸመ ጥፋት ቅጣቱ እንደ ብሮድካስት ከበድ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የ2013ቱን አዋጅ ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ። በሚያዝያ 2017 ምክር ቤቱ ማሻሻያ አጽድቋል። ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን ፈቃድ ሰጪው ከሆነው የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ ወደ ራሱ ወደ ባለሥልጣኑ ዞሯል፤ ዋና ዳይሬክተሩንም የሚሾመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆኗል። እኔ በበኩሌ ቀድሞ የነበረውን ርቀት እመርጥ ነበር፤ እናንተ ግን ስትሠሩ የምትሠሩት ባለው ሕግ ነው። በአዋጁ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ካያችሁ የበላይ የሆነው የነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ቅጂ ነው።

የአራዳው ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። የቀረውን 15 በመቶ በወንድሙ ስም ብናደርገውስ? ወንድሙ ኢትዮጵያዊ ነው፤ በመካከላቸው የጎን ውል ይፈራረማሉ።

ነጋሪት አንባቢ
አታድርጉት ወንድሜ። አዋጁ ባለቤትነት ግልጽ ይሁን ይላል፤ የጎን ውሉ ደግሞ ሕግ ለማምለጥ የተጻፈ ስለሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አይጸናም። ወንድማማቾቹ የተጣሉ ዕለት ገንዘብ ያወጣው ሰው ፍርድ ቤት ይዞት የሚቀርበው ሰነድ የራሱን ጥፋት የሚመሰክር ይሆናል። ትርፉን ከፍ ማድረግ ከፈለገ 25 በመቶውን በአሠራጩ ይያዝ፣ እስከ 49 የሚሆነውን በአዘጋጁ ድርጅት ይያዝ። በሁለቱ መካከል በገበያ ዋጋ የተጻፈ የፕሮግራም አቅርቦት ውል ይኑር።

ማሠራጫ ጣቢያ
ስለ ሞገዱ ልመልስ። የኤፍ ኤም ሞገድ ሄዶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ባለሥልጣኑ ክፍት ሞገድ ሲኖር ለውድድር ያወጣል፣ እናንተ ሰነድ ታስገባላችሁ። በ87.5 እና 108 ሜጋኸርዝ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ይመስላል፣ ሬዲዮ ስታዞሩ ብዙ ክፍት ቦታ ታገኛላችሁ። ችግሩ ማሠራጫዎቹ አንድ ተራራ ላይ ተጠጋግተው ሲቆሙ እርስ በርሳቸው የሚፈጥሩት ትርፍ ሞገድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የአንዱን እጥፍ ወስዳችሁ ሌላውን ቀንሱ። 97.1 እና 98.1 ጎን ለጎን ከቆሙ 96.1 እና 99.1 ላይ ትርፍ ሊወጣ ይችላል። ከ102.1 እና ከ105.3 ደግሞ 108.5 ይወጣል፤ ይህ አውሮፕላን ለማረፍ የሚመራበት ባንድ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ትርፉን ሞገድ በሚያስቀረው ማጣሪያ ላይ ገንዘብ መቆጠብ የማያዋጣው። ማመልከቻ ስትጽፉ ያሉትን ጣቢያዎች በሙሉ በዚህ ስሌት አሳልፉና ሰንጠረዡን አያይዙ።

አሁን ስቱዲዮው። ፒያሳ አራተኛ ፎቅ ለስቱዲዮ ይሆናል፤ ድምፁን ከስቱዲዮ ወደ ማሠራጫው በሬዲዮ ሞገድ ለሚወስደው ማይክሮዌቭ ሊንክ ግን አጠራጣሪ ነው። ማሠራጫው ፉሪ ተራራ ላይ ከሆነ መስመራችሁ የመሀል ከተማውን ሕንፃዎች አልፎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል። ሠንጋ ተራ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን 209 ሜትር ነው፤ በዙሪያውም ሌሎች አሉ። ፉሪ ከፍ ያለ ስለሆነ ሩቁ መንገድ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከጣሪያችሁ ቀጥሎ ያለው 1 እና 2 ኪሎ ሜትር ነው። ለስሌት ያህል ጠቅላላ ርቀቱን 16 ኪሎ ሜትር ብንወስድ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሕንፃ ከመስመሩ ቢያንስ በ4 ሜትር ያህል መራቅ አለበት፣ ሊንኩ 7 ጊጋኸርዝ ከሆነ። በ900 ሜጋኸርዝ ከሆነ ደግሞ ወደ 11 ሜትር ይፈልጋል። ዓይን ያያል ማለት ሊንኩ ይሠራል ማለት አይደለም። ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ «ፉሪ ይታያል» ብሎ የሁለት ዓመት ኪራይ ይፈርማል፣ ከዚያ ዝናብ ሲጥል ድምፁ ይቆራረጣል። ዛሬ ክፍት የሆነ መስመርም ነገ ሕንፃ ሊቆምበት ይችላልና ከጎን በግንባታ ላይ ያለውን ሕንፃ የመጨረሻ ከፍታ ጠይቁ።

ሁለተኛ መንገድ ፋይበር ነው። ስቴሪዮ ድምፅ በጥሩ ኮዴክ (ድምፁን አጭቆ በሚልክ መሣሪያ) 256 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃዋል። መጠባበቂያውን ከሌላ ኦፕሬተር ውሰዱ፤ ዋናው የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ከሆነ መጠባበቂያው የሳፋሪኮም 4ጂ ይሁን። በኮሪደር ቁፋሮ ፋይበር ሲቆረጥ ከአንድ ኦፕሬተር የተገዙ ሁለት መስመሮች አብረው ነው የሚሞቱት። ማሠራጫው ጋ ጸጥታ መለያ አስገቡ፤ 15 ሰከንድ ድምፅ ከጠፋ በፍላሽ ያለ ሙዚቃ ራሱ እንዲጀምር።

ያሠራጫችሁትን መዝግቦ ማስቀመጥም ግዴታ ነው፤ ክስ ሲመጣ ማምለጫውም እሱ ነው። ድምፅ በ64 ኪሎቢት ቢቀዳ 24 ሰዓቱ 700 ሜጋባይት አይሞላም፣ ወሩ 21 ጊጋባይት ገደማ። ቪዲዮ በ2 ሜጋቢት ሲሆን ወሩ ወደ 650 ጊጋባይት ይደርሳል። ስለዚህ ለሬዲዮ ምክንያት የላችሁም።

የአየር ሰዓት
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን እስከ ውድድሩ ምን ትበላላችሁ? በአዲስ አበባ የተለመደው መንገድ ተባባሪ አዘጋጅ መሆን ነው። ፈቃድ ካለው ጣቢያ የአየር ሰዓት ገዝታችሁ ፕሮግራማችሁን ታቀርባላችሁ፣ ማስታወቂያውን ራሳችሁ ታፈላልጋላችሁ። በሕግ ፊት ተጠያቂው ባለፈቃዱ ጣቢያ ስለሆነ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ይሰማል፣ ይቆርጣልም። ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት ታዲያ ይኸው ነው፦ ፋይሉ ከስንት ሰዓት በፊት ይደርሳል፣ ጣቢያው ካልተስማማው በስንት ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል፣ ሰዓቱ በሰበር ዜና ወይም በኳስ ጨዋታ ሲወሰድ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ሌላ ሰዓት ይተካል፣ የተጠቀሰው ዋጋ 15 በመቶ ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነው።

የገቢ ዕቅዳችሁ ላይ ቢራ ካለ ሰርዙት። ከአዋጅ 1112/2011 ወዲህ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የለም። ዜናን ስፖንሰር ማስደረግም አይቻልም፤ ስለዚህ «የዛሬውን ዜና ያቀረበላችሁ…» የሚል ሽያጭ አትቁጠሩ።

ሳተላይቱን በሚመለከት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለው ኢትዮሳት በኩል መግባት ይቻላል፣ ለተራ ጥራት 2 ሜጋቢት አካባቢ ይበቃል። ነገር ግን የሳተላይት ኪራይ የሚታሰበው በዶላር፣ ማስታወቂያው የሚሸጠው በብር ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተሠራ የቢዝነስ ዕቅድ ይዛችሁ ከሆነ እንደገና ሥሩት፤ የስፖንሰር ውላችሁም የዓመት ከሆነ በየሩብ ዓመቱ ዋጋ የሚከለስበት አንቀጽ ይኑረው።

ለማንኛውም የፒያሳውን ኪራይ ስትፈርሙ ጣሪያው ላይ አንቴናና ጄኔሬተር የመትከል መብት በጽሑፍ ይግባላችሁ። አከራዮች ጣሪያውን ለቴሌኮም አንቴና ለይተው ስለሚያከራዩ በኋላ ስትጠይቁ ዋጋው ሌላ ነው።